ከመጥቅዕ እስከ ዕቁብ፦ ሒሳብን በአገር በቀል ዕውቀት ማስተማር

ሒሳብን በአገር በቀል ዕውቀት ማስተማር ማለት አንድ ማኅበረሰብ ሲቆጥርበት፣ ሲለካበት፣ ሲያካፍልበትና ዘመን ሲቀምርበት የኖረውን ብልሃት ወደ ክፍል ማስገባት፣ ከዚያም ብልሃቱ ለምን እንደሚሠራ ተማሪዎች ራሳቸው እንዲመረምሩ ማድረግ ነው። አዘውትሮ የሚታየው ግን ሌላ ነው። በባዕድ መጽሐፍ ውስጥ የነበረው ፖም ብርቱካን ይሆናል፣ የልጁ ስም አበበ ይባላል፣ በገጹ ጥግ የመሶብ ሥዕል ይቀመጣል፤ ጥያቄውና የመፍቻ መንገዱ ግን እንደነበሩ ይቆያሉ። ስም በመለወጥ ብቻ የአንድ ሕዝብ የሒሳብ አስተሳሰብ ክፍል ውስጥ አይገባም። የሚገባው የአሠራሩ ምክንያት ሲገለጥ ነው።

ዘርፉ ኢትኖማቴማቲክስ በሚል ስም በዓለም የታወቀው በብራዚላዊው የሒሳብ ምሁር በኡቢራታን ደ አምብሮሲዮ ነው። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ1984 በአውስትራሊያዋ አዴላይድ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ትምህርት ጉባኤ ላይ ንግግር አድርጎ ነበር። አናጺውም፣ ነጋዴውም፣ ሸማኔውም፣ በመንደር የሚጫወቱ ልጆችም በየራሳቸው መንገድ ሒሳብ እንደሚሠሩና ትምህርት ቤቱ ይህን ማወቅ እንዳለበት ተከራከረ። ከእሱ ቀደም ብለው ጆን ጌይና ማይክል ኮል የተባሉ ተመራማሪዎች በላይቤሪያ የክፔሌን ሕዝብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1967 መጽሐፍ አሳትመዋል። የክፔሌ ልጆች በትምህርት ቤት ሒሳብ እንደሚቸገሩ ይነገር ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን በአንድ ዕቃ ውስጥ ያለው ሩዝ ስንት ኩባያ እንደሚሆን በዓይን እንዲገምቱ ሲጠይቁ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ የክፔሌ ጎልማሶች ከአሜሪካውያን ይልቅ ለእውነተኛው ልክ እጅግ የቀረበ መልስ ሰጡ። ሩዝ እያመረቱ፣ በኩባያ እየሰፈሩ የሚገዙና የሚሸጡ ሰዎች ናቸው። ችሎታው በእጃቸው ነበር፤ የትምህርት ቤቱ ፈተና ግን ስለ እሱ አይጠይቅም።

ለኢትዮጵያ ተማሪ ከዚህ ዓይነቱ ዕውቀት ሁሉ በጽሑፍ የተጠበቀው፣ በሥርዓት የሚተላለፈውና ጥልቀት ያለው የዘመንና የበዓላት ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ነው። ስለዚህ ሰፋ ያለ ቦታ ይገባዋል።

የቀሪ ሒሳብ ትምህርት ቤት

መስከረም 1 ቀን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የዓመቱ ቀመር ለምእመናን ይነገራል። ዘመኑ የየትኛው ወንጌላዊ እንደሆነ፣ አበቅቴው ስንት፣ መጥቅዑ ስንት፣ ጾመ ነነዌ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ ትንሣኤ መቼ እንደሚውል ይሰማል። የአብነት ተማሪ ይህን ለማወቅ የታተመ ካሌንደር አያስፈልገውም። አብዛኛውን ስሌት በቃሉ ያካሂዳል፤ የሚጠቀምባቸው መሣሪያዎችም መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ከሁሉ በላይ ማካፈል ናቸው። የሚገርመው ነገር በማካፈሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈለገው ድርሻው አለመሆኑ ነው። የሚፈለገው ቀሪው ነው። በዛሬው ዩኒቨርሲቲ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ መግቢያ ላይ የሚገኘው የቀሪ ሒሳብ፣ በቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤት «ገድፎ የተረፈውን መያዝ» እየተባለ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

የ2018 ዓ.ም. ስሌት ለምሳሌ ይበቃል። በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። ይህ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1879፣ ቀሪው 2 ነው። ቀሪው 1 ሲሆን ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ሲሆን ማርቆስ፣ 3 ሲሆን ሉቃስ፣ ምንም ሳይተርፍ ሲቀር ዮሐንስ ስለሆነ፣ 2018 ዘመነ ማርቆስ ነው። ቀጥሎ ዓመተ ዓለሙና ድርሻው ይደመራሉ፤ 7518 እና 1879 አንድ ላይ 9397 ናቸው። ድምሩ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል። ቀሪ 1 ማክሰኞ፣ ቀሪ 2 ረቡዕ፣ ቀሪ 3 ሐሙስ እየተባለ ስለሚቆጠር፣ የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ።

ለአብነት ተማሪው ይህ ሕግ ነው፤ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግን ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ድርሻው ለምን ተመልሶ ይደመራል? 365 ቀን ለ7 ሲካፈል 52 ሳምንት ሆኖ አንድ ቀን ስለሚተርፍ፣ ዘመን መለወጫ በየዓመቱ አንድ ቀን ወደፊት ይገፋል። በየአራት ዓመቱ ደግሞ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ሌላ አንድ ቀን ይጨመራል። ዓመታቱ የመጀመሪያውን ግፊት ይቆጥራሉ፤ ለ4 ተካፍሎ የተገኘው ድርሻ ሁለተኛውን ይቆጥራል። መጠነ ራብዒት የሚባለው የዚያ ድርሻ ሥራ ይህ ነው። ተማሪው እዚህ ሲደርስ ስለ ሠግር ዓመትና ስለ ሳምንት ዑደት በራሱ ቋንቋ የማረጋገጫ ሐሳብ አቅርቧል ማለት ነው።

የጨረቃው ክፍል ከዚህ ይከብዳል፤ ይበልጥም ያምራል። ዓመተ ዓለሙ ለ19 ይካፈላል። 19 የተመረጠው 19 የፀሐይ ዓመታት ከ235 የጨረቃ ወራት ጋር በሁለት ሰዓት ገደማ ልዩነት ስለሚገጥሙ ነው። 7518 ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ የተያዘው ዓመት ገና ስላልተፈጸመ አንዱ ይቀነስና ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 132 ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። ያው ወንበር በ19 ሲባዛ 228 ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። 12 እና 18 ሲደመሩ 30 ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አበቅቴው 1፣ መጥቅዑ 29 ነበር፤ ድምሩ ያው 30። በ2019 ደግሞ 23 እና 7 ናቸው።

ሊቃውንቱ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር ከ30 እንደማይወጣ ያውቃሉ፤ ስሌታቸውንም በዚህ ይፈትሻሉ። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ግን ይህ ከባሕረ ሐሳብ ሁሉ ለማስተማር የሚመቸው ነጥብ ነው። መምህሩ የአሥር ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ በሰንጠረዥ አስወጥቶ ለምን ሁልጊዜ 30 እንደሚሆን ቢጠይቅ፣ ተማሪዎቹ መጀመሪያ ይገምታሉ፣ ይሞክራሉ፣ ይከራከራሉ። ምክንያቱ 11 እና 19 ተደምረው 30 መሆናቸው ነው። አንድ ቁጥር በ11 ሲባዛና በ19 ሲባዛ የሁለቱ ውጤት ድምር የዚያ ቁጥር 30 እጥፍ ነው፤ ሠላሳ ሠላሳው ከተገደፈ ሌላ የሚተርፍ ነገር የለም። ማረጋገጫው ከሁለት መስመር አይበልጥም። ወንበሩ ዜሮ በሚሆንበት ዓመት አበቅቴው አልቦ፣ መጥቅዑ 30 ተብሎ እንደሚያዝ ሲነገራቸው ደግሞ ዜሮና 30 በዚህ ቆጠራ አንድ ቦታ እንደሚቆሙ ያያሉ።

ከመጥቅዕ ወደ ነነዌ የሚወስደው መንገድ ለጠያቂ ተማሪ ሌላ ግኝት አለው። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። የ2018 መጥቅዕ 18 ስለሆነ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነበር። የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም የሚጨመረው ቁጥር፣ 7 ነው፤ 18 እና 7 ሲደመሩ መባጃ ሐመር 25 ይሆናል። ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባች። ተውሳኮቹ ከቅዳሜ 8 ተነሥተው እሑድ 7፣ ሰኞ 6 እያሉ እስከ ዓርብ 2 ይወርዳሉ። ይህ ዝርዝር በቃል ብቻ ሲጠና የዘፈቀደ ይመስላል፤ ምንም ዘፈቀደ ግን የለውም። ከመስከረም 18 እስከ ጥር 18 አራት ወር፣ ማለትም 120 ቀን ነው፤ 120 ለ7 ሲካፈል 1 ይተርፋል። መስከረም 18 እሑድ ከሆነ ጥር 18 ሰኞ ነው ማለት ነው። ነነዌ ሰኞ መግባት ስላለባት እሑድ ላይ የሚጨመረው 7 ነው፤ ቅዳሜ ከሆነ 8፣ ዓርብ ከሆነ 2። ከጳጉሜን በቀር የእያንዳንዱ ወር ርዝመት 30 ቀን መሆኑ ስሌቱን እንዴት እንዳቀለለው ከዚህ ይታያል። ትንሣኤ ከነነዌ 69 ቀን በኋላ ነው፤ 69 ሁለት ወርና 9 ቀን ስለሆነ የትንሣኤ ተውሳክ 9 ሆነ። 25 እና 9 ሲደመሩ 34፤ ሠላሳው ተገድፎ 4 ይቀራል፤ የ2018 ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ቀን ነው።

ቀመሮቹ ራሳቸው የትንሹ የጋራ ብዜት ትምህርት ናቸው። የወንጌላውያኑ ዑደት 4፣ የሳምንቱ 7፣ የጨረቃው 19 ነው። 4 በ19 ተባዝቶ 76 ማዕከላዊ ቀመር ይባላል፤ ሦስቱም ተባዝተው 532 ዓመት ዐቢይ ቀመርን ይሰጣሉ፤ ዕለቱም፣ ወንጌላዊውም፣ ጨረቃውም አንድ ላይ ወደ መነሻቸው የሚመለሱት በዚህ ነው። በክፍል ውስጥ ትንሹ የጋራ ብዜት ሲነሣ ለምን እንደሚያስፈልግ የማይገባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ 532 መልስ ይሰጣቸዋል። ኦቶ ኖይገባወር፣ የጥንቱን ዓለም የሒሳብና የሥነ ፈለክ ታሪክ በማጥናት የታወቀው ምሁር፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ፈለክና ባሕረ ሐሳብ መጽሐፍ አሳትሟል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በአማርኛ ሰፊ ሥራ ጽፈውበታል። ምንጩ እያለ ለሒሳብ መምህሩ በሚሆን መልክ አለመዘጋጀቱ ያሳዝናል።

አሥራ አንዱ ቀን

የኢትዮጵያ ክፍል የአንድ ሃይማኖት ልጆች ብቻ የሚቀመጡበት አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ እንዲሰጥ ያዝዛል። ባሕረ ሐሳብ በሒሳብ ክፍል ሲነሣ የሚመረመረው ስሌቱ ነው እንጂ እምነቱ አይደለም። ደግሞም ያው ስሌት በሌላ በር የሌሎቹን ልጆች ቤት ያንኳኳል። አበቅቴን ለማግኘት ወንበሩ የሚባዛበት 11 ከየት መጣ? የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ቀን ስለሆነ ልዩነቱ 11 ነው። ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል እየቀደመ የሚገባው በዚሁ ምክንያት ነው። ደሴ ወይም ሐረር ባለ ክፍል ውስጥ አንዱ ልጅ አበቅቴን ከቤተ ክርስቲያን፣ ሌላው የረመዳንን መቅደም ከቤቱ ያውቃል። ሁለቱ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሲገናኙ የሚታየው አንድ ሰማይና አንድ ቁጥር ነው። ልዩነቱን አንዱ ቀመር ጨረቃን ከፀሐይ ጋር ለማስታረቅ እየሰበሰበ ይገድፈዋል፤ ሌላው ጨረቃን ብቻ ስለሚከተል ወሩ በወቅቶች ላይ እንዲዞር ይተወዋል። ለሁለቱም የሚስማማ የክፍል ጥያቄ ይህ ነው፦ ረመዳን ወደ ተነሣበት ወቅት ለመመለስ ስንት ዓመት ይፈጅበታል? 365ን ለ11 ማካፈል 33 ዓመት ገደማ ይሰጣል።

የሙስሊሙ ማኅበረሰብ የውርስ ሕግም ለክፍልፋይ ትምህርት የሚሆን ሀብት አለው። ሟች ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ቢተው፣ ለሚስት አንድ ስምንተኛ፣ ለእናት አንድ ስድስተኛ ይደርሳል፤ ቀሪው የልጁ ነው። ድርሻውን ለማውጣት የጋራ ታሕት 24 መፈለግ አለበት፤ 3፣ 4 እና 17 ከ24 ይሆናል። አልጀብራ ስሙን ያገኘበት የአል ኽዋሪዝሚ መጽሐፍ ሰፊ ክፍሉን ለእንዲህ ዓይነት የውርስ ጥያቄዎች የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የቦረና ኦሮሞ አያንቱዎች (የዘመን ቆጣሪዎች) ቆጠራ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ለቀናት 27 ስሞች አሉት፤ የጨረቃ ወር ግን 29 ቀን ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ አዲስ ወር የሚጀምርበት የቀን ስም በየወሩ ሁለት ወይም ሦስት ስም ወደፊት ይሄዳል። አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ገዳ ባሳተሙት ጥናት ይህን አቆጣጠር በዝርዝር አቅርበውታል። በ30 መግደፍ የተማረ ልጅ በ27 መግደፍ አይቸግረውም።

ገመድ፣ ካስማ፣ ስንደዶ

አገር በቀል ሒሳብ ቁጥር ብቻ አይደለም። ጎጆ የሚሠራ ሰው መሬቱ መሐል ካስማ ተክሎ ገመድ ያስርና በሌላው ጫፍ ዙሪያውን ያሰምራል። ገመዱ የክቡ ሬዲየስ ነው። አራት ማዕዘን ቤት ሲሆን ሥራው ይጠነክራል፤ ምክንያቱም ትይዩ ጎኖች እኩል መሆናቸው ብቻ ማዕዘኑን አያቀናውም፤ ቅርጹ ወደ ጎን ሊያዘነብል ይችላል። ፓውሉስ ጌርዴስ፣ በሞዛምቢክ ዕድሜውን ለዚህ ጥናት የሰጠው ምሁር፣ የገጠር ቤት ሠሪዎች እኩል ርዝመት ያላቸውን ሁለት ገመዶች አጋማሻቸው ላይ አስረው እንደሚዘረጉ መዝግቧል። አራቱ ጫፎች የቤቱ ማዕዘኖች ይሆናሉ፤ ቅርጹም ቀጤ አራት ማዕዘን ከመሆን አያመልጥም። ገመዶቹ ሰያፎቹ ናቸው፤ እኩል ሆነው እርስ በርሳቸው በአጋማሽ ከተቆራረጡ ማዕዘኖቹ ሁሉ 90 ዲግሪ ናቸው። ይህን የጂኦሜትሪ ማረጋገጫ በሰባተኛ ክፍል በገመድና በግቢው አፈር ላይ መሥራት ይቻላል።

በስፌት ሥራ የሚገኘው ደግሞ ረቂቅ ነው። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ በወስፌ እየወጋች ከመሐል ወደ ውጭ በዙር ትሄዳለች። የስንደዶው ስፋት አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን እያንዳንዱ አዲስ ዙር ከቀደመው በ6.28 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ሰፌዱ ትንሽም ይሁን ትልቅ ጭማሪው አንድ ነው። ተማሪዎች ይህን ለማመን ይቸገራሉ፤ ትልቅ ክብ ብዙ ይጨምራል ብለው ያስባሉ። ክር ይዘው የሦስት የተለያዩ ሰፌዶችን ዙር ቢለኩ ግን ሁለት ፓይ ከፊታቸው ይቀመጣል። አዲሱ ዙር ከቀደመው ጎን መቀመጡን ትቶ ከላዩ ሲያርፍ ዙሩ ማደግ ያቆማል፤ ያኔ የመሶቡ ግድግዳ ይነሣል።

ጥማድ ለልኬት ትምህርት የሚሰጠው ሐሳብ ከእነዚህ የተለየ ነው። በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ስፋት ነው፤ ብዙውን ጊዜ የሄክታር ሩብ ያህል ይያዛል። ስፋት በጊዜና በጉልበት ተለክቷል። አፈሩ ሸክላ ከሆነ፣ ቁልቁለት ከሆነ፣ በሬዎቹ ከከሱ ልኩ ይለወጣል። ሄክታር ለምን እንዳስፈለገ፣ ጥማድ ደግሞ ለገበሬው ሄክታር የማይነግረውን ምን እንደሚነግረው በአንድ ክፍለ ጊዜ መወያየት ይቻላል።

ካክቶቪክ፣ 1994

ይህን መንገድ በሌላ አገር የሞከሩም አሉ። ከሰሜናዊው የአርክቲክ ውቅያኖስ ዳር፣ በአላስካ ጫፍ ካክቶቪክ የሚባል የኢኑፒያት መንደር አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በመንደሩ ትምህርት ቤት የመካከለኛ ደረጃ ተማሪዎች በሒሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ችግር ገጠማቸው። ቋንቋቸው በሃያ ይቆጥራል፤ በውስጡም አምስት አምስት ይከፍላል፤ የእጅና የእግር ጣቶችን የተከተለ ቆጠራ ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያስተምራቸው አኃዝ ግን በዐሥር ነው። ከመምህራቸው ከዊሊያም ባርትሌይ ጋር ሆነው በሃያ የሚቆጥር አዲስ አኃዝ ለመፍጠር ተነሡ። ከተለመዱት ዐሥር አኃዞች ላይ ሌላ ዐሥር ምልክት ለመጨመር ሞክረው ምልክቶቹ ለማስታወስ አስቸጋሪ ሆኑባቸው። ስለዚህ ከነጠላ ጭረት ተነሡ፦ አንድ አንዱን የሚያመለክቱ ጭረቶች ከታች በጥምዝምዝ ይያያዛሉ፤ አምስት አምስቱን የሚያመለክቱት ከላይ ይጋደማሉ። ለዜሮ ሁለት የተጠላለፉ ክንዶችን የሚመስል ምልክት ሰጡ።

ምልክቶቹ ብዛታቸውን በመልካቸው ይናገራሉ። ሁለት ቁጥር ለመደመር የሁለቱን ጭረቶች ማቀናጀት ይበቃል፤ ረጅም ማካፈል እንኳ በዓይን እየታየ ይሠራል። ልጆቹ በሃያ የሚቆጥር አባከስም ሠሩ። አኃዙን የኢኑይት ሕዝቦች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1998 ለአጠቃቀም አጸደቀው፤ በ2022 ደግሞ በኮምፒዩተር የፊደላት መመዘኛ በዩኒኮድ ተካተተ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ክብደት የሚሰጠው ነገር የምልክቶቹ ውበት ብቻ አይደለም። በአፍላ ዕድሜያቸው ያሉ ልጆች የቁጥር ሥርዓት ሰዎች የሚሠሩት መሆኑን፣ ዜሮ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ የቦታ ዋጋ ምን እንደሆነ በራሳቸው ሥራ ማወቃቸው ነው።

የግዕዝ አኃዝ ለኢትዮጵያ ልጆች ተመሳሳይ በር ይከፍታል። 7518 በግዕዝ ፸፭፻፲፰ ተብሎ ይጻፋል፤ ሰባ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት። 7008 ደግሞ ፸፻፰ ነው፤ ዜሮ የለም፣ አያስፈልግምም። በዚህ አኃዝ ረጅም ማባዛት ሲሞከር ነገሩ ይከብዳል፤ ያኔ ዜሮና የቦታ ዋጋ ምን እንዳቀለሉ በእጅ ይዳሰሳል።

በዚያው በአላስካ፣ በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩ የዩፒክ ሽማግሌዎች ከመምህራንና ከአላስካ ፌርባንክስ ዩኒቨርሲቲ ከጄሪ ሊፕካ ጋር ለብዙ ዓመታት ተቀምጠው የሒሳብ መማሪያ ክፍሎች አዘጋጅተዋል። አንዱ ሳልሞን ዓሣ የሚደርቅበትን መደርደሪያ መሥራት ነው፤ ልጆቹ የቀጤ አራት ማዕዘንን ባሕርይ፣ ዙሪያንና ስፋትን ከሽማግሌዎቹ አሠራር ይማራሉ። ትምህርት ቤቶችን በዕጣ መድበው ያነጻጸሩ ጥናቶች ተደርገዋል። በሁለተኛ ክፍል የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት የአላስካ ተወላጆች ብቻ ሳይሆኑ ሌሎች ተማሪዎችም ከትምህርቱ እንደተጠቀሙ አሳይቷል። የአንድ ሕዝብ ብልሃት የሌላውን ልጅ አላገለለም።

የዕቁብ ዕጣ

ለከተማ ልጅ ጎጆውም ጥማዱም ሩቅ ሊሆን ይችላል። ዕቁብ ግን በገበያውም፣ በመሥሪያ ቤቱም፣ በዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድም አለ። ዐሥራ ሁለት ሰዎች በየሳምንቱ አንድ አንድ ሺህ ብር ይጥላሉ፤ በየሳምንቱ ዕጣ ወጥቶ አንዱ 12,000 ብር ይወስዳል። ልጆች ስለ ዕድል ሲጠየቁ መጀመሪያ የሚወጣለት ሰው ዕድሉ አነስተኛ፣ ወደ መጨረሻ ሲሄድ እየጨመረ የሚመጣ ይመስላቸዋል። በእርግጥም በሁለተኛው ሳምንት በዕጣው ውስጥ የቀሩት 11 ብቻ ናቸው። ግን አንድ ሰው በሁለተኛው ሳምንት እንዲወጣለት በመጀመሪያው አለመውጣት አለበት፤ 11 ከ12 በ1 ከ11 ሲባዛ 1 ከ12 ይሰጣል። ለሦስተኛውም፣ ለዐሥራ ሁለተኛውም ውጤቱ ያው ነው። የዕቁብ አባላት ዕጣው ፍትሐዊ ነው ብለው የሚያምኑት ትክክል ነው፤ ሒሳቡም ያረጋግጥላቸዋል። በብዙ ዕቁብ የመጀመሪያው ዕጣ ለዳኛው ይሰጣል፤ ያኔ ለሌሎቹ የእያንዳንዱ ሳምንት ዕድል 1 ከ11 ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ግን አጥተዋል።

ዕጣው በገንዘብ ረገድ እኩል አይደለም፤ ይህም የሚያስተምረው ነገር አለ። መጀመሪያ የደረሰው ሰው 1,000 ብር ከፍሎ 12,000 ይዟል፤ የቀረውን 11,000 ያለ ወለድ ይከፍላል። የመጨረሻው ሰው ያለ ወለድ ሲቆጥብ ከርሟል፤ ዋጋ እየናረ ከሆነ የሚገዛው ዕቃ በመካከሉ ተወድዷል። የሁለቱን ሰዎች ሒሳብ በግራፍ ላይ ማውጣት፣ መስመሩ በየሳምንቱ በ1,000 ሲወርድና በዕጣው ቀን 12,000 ሲዘል ማየት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ሊሠራው የሚገባ ሥራ ነው። ሰዎች ይህን እያወቁ ዕቁብ የሚገቡት ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ደግሞ ወደ ኢኮኖሚክስ ተሻግሯል።

ክፍሉ ውስጥ ሲገባ

በዚህ መንገድ ለማስተማር የሚያስቸግሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው ማጋነን ነው። በብዙ የውጭ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዛት» የሚባል ስልት አለ፤ 13 በ24 ለማባዛት 13 እየተጋመሰ፣ 24 እየተደረበ ይወርዳል፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1 በአንድ ወገን፤ 24፣ 48፣ 96፣ 192 በሌላው። በግራ ተጋማሽ ቁጥር የሆነው የ6 ረድፍ ተሰርዞ 24፣ 96 እና 192 ሲደመሩ 312 ይገኛል። ስልቱ ድንቅ ነው፤ 13 የ8፣ የ4 እና የ1 ድምር መሆኑን፣ ኮምፒዩተር በሁለት የሚቆጥርበትን መንገድም ያሳያል። ግን በመደረብ የማባዛት ሐሳብ ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈው የግብፅ ሪንድ ፓፒረስ ውስጥም አለ፤ በሩሲያ ገበሬዎች ስምም ይጠራል። መምህሩ የብዙ ሕዝቦች መሆኑን ቢናገር ሒሳቡም ታሪኩም ይጠቀማሉ።

ሁለተኛው የመምህሩ ዝግጅት ነው። የሒሳብ መምህር ባሕረ ሐሳብን በኮሌጅ አልተማረም፤ የአብነት መምህሩ ደግሞ የአልጀብራ ምልክት አይጠቀምም። ሁለቱን የሚያገናኝ ጽሑፍ ከሌለ ትምህርቱ በአንድ ትጉህ መምህር ፍላጎት ላይ ይንጠለጠላል። የአላስካው ሥራ የተሳካው ሽማግሌዎቹ በእንግድነት ለአንድ ቀን ተጠርተው ስላልተሸኙ ነው፤ መማሪያው ሲጻፍ ከመጀመሪያው አብረው ነበሩ። እዚህም መሪጌታው፣ ሰፊዋ፣ የዕቁቡ ዳኛና ግንበኛው አሠራራቸውን ደረጃ በደረጃ ሲያሳዩ የሚመዘግብ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ፈተናው ነው። ብሔራዊ ፈተና የማይጠይቀውን ነገር መምህር ለማስተማር ጊዜ አያገኝም። የአገር በቀል ዕውቀት ጥያቄ በፈተና ሲገባ ደግሞ የቃል ጥናት ወደ መሆን ሊወርድ ይችላል፤ «የ2019 ዓ.ም. መጥቅዕ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ቀመሩን የሸመደደ ልጅ ያለ ማሰብ የሚመልሰው ነው። ሒሳቡን የሚፈትነው ጥያቄ ሌላ ነው። የጨረቃና የፀሐይ ዓመት ልዩነት 11 ሳይሆን 12 ቀን ቢሆን ኖሮ፣ የአበቅቴና የመጥቅዕ ድምር አሁንም 30 እንዲሆን ወንበሩ በ19 ፈንታ በስንት መባዛት ነበረበት? ተማሪው 18 ብሎ ምክንያቱን በሁለት መስመር ከጻፈ፣ ባሕረ ሐሳብንም የቀሪ ሒሳብንም አውቋል።